ብረቱ የት ሄደ?

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ትልቅ ጉባኤ ወይም ወፍራም መጽሐፍ ሳይሆን በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈች አንዲት አጭር ጥያቄ ነች። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ በማይክሮባዮሎጂ ላብ እርሾን መዳብ በተጨመረበት አጋር ላይ አሳድገን የታዘብነውን በሪፖርት እንድናቀርብ ታዘዝን። ቡድናችን አምስት ሰው ነበር፤ እንደተለመደው ግን የመጻፉ ዕጣ ለእኔ ወጣ። እኔም ሌሊቱን ዶርም ውስጥ ስጽፍ አምሽቼ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር «ከዚህ የምንረዳው እርሾው መርዛማውን ብረት ማጥፋቱን ነው» ብዬ ዘጋሁት። ወረቀቱ ሲመለስ መምህራችን «ማጥፋቱን» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ አስምረውባት ከጎኗ «ብረቱ የት ሄደ?» ብለው ጽፈዋል። ሌላ አስተያየት አልነበረም። ከ10 የተሰጠን 6 ነበር።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት ተናድጄ ነበር። እርሾው አድጓል፣ ኮሎኒው በዓይን ይታያል፣ ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አልኩ። ቆይቶ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚሁ ጉዳይ ላይ መሥራት ስጀምር ደግሞ በየገጹ የማገኛት እሷን ሆነች። ዛሬ የማምነውን በአጭሩ ልናገር። እርሾ ከባድ ብረታ ብረት ሲያጋጥመው የሚያደርገው ነገር ብዙ ነው፤ ያስራል፣ ይደብቃል፣ መልሶ ይተፋል። የማያደርገው አንድ ነገር ቢኖር ማጥፋት ነው። እኛ ግን «አጠፋ»፣ «አስወገደ»፣ «አጸዳ» እያልን በሪፖርታችን እንጽፋለን፤ ላብ ሲያልቅም በዚያው እምነት ቀሪውን ሲንክ ውስጥ እንደፋለን። ስህተቱ አንድ ነው፣ የሚሠራው ግን ሁለት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ እንየው። የፈሰሰ ናፍጣ ወይም የተጣለ ምግብ ቢሆን ተሕዋስያን ሰባብረው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ሊለውጡት ይችላሉ። እዚያ ላይ «ጠፋ» ብንል ያስኬዳል። ካድሚየም፣ እርሳስ፣ መዳብና ክሮሚየም ግን ኤለመንቶች ናቸው። ኤለመንት አይበሰብስም። የትኛውም ኢንዛይም የካድሚየምን አቶም ሰብሮ ሌላ ነገር ሊያደርገው አይችልም። ሕይወት ያለው ነገር በብረት ላይ ያለው ሥልጣን ሁለት ብቻ ነው፤ ቦታውን መለወጥ ወይም ቻርጁንና ከምን ጋር እንደተጣበቀ መለወጥ። ይህን ሁላችንም ሃይስኩል ኬሚስትሪ ላይ ተምረነዋል፤ ባዮሎጂ ስንገባ ግን የምንረሳው ይመስለኛል።

አሁን ወደ እርሾው እንምጣ። እዚህ ላይ እርሾ ስል ከሱቅ በፓኬት የምንገዛውን፣ ዳቦ የሚነፋውን ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲኤን ነው። የእንጀራው እርሾ ባክቴሪያም ሌሎች የእርሾ ዘሮችም የተደባለቁበት ስለሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን እያቀላቀልን ሪፖርት የምንጽፍ ስላለን ነው ይህን የማነሳው። ሳካሮማይሲስ ኒውክሊየስ ካላቸው ፍጥረታት መካከል ሙሉ ጂኖሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበለት ነው፤ ይህም የሆነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ወደ 6000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት። ሴሉ በብዙ ነገር የእኛን ሴል ስለሚመስል፣ ካድሚየም እሱን እንዴት እንደሚጎዳው ማወቅ እኛን እንዴት እንደሚጎዳን የማወቅ መንገድ ነው።

መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ካድሚየም ለእርሾ አንዳች ጥቅም ከሌለው ለምን ያስገባዋል? የሚለው ነው። መልሱ «አይቶ አይለየውም» የሚል ነው። እርሾ ዚንክ ያስፈልገዋል፤ ለዚንክ የሚከፈት ዚአርቲ1 የሚባል በር ሜምብሬኑ ላይ አለው። ካድሚየም በጠባዩ ዚንክን ስለሚመስል በዚያው በር ይገባል። ሌሎች ለማንጋኒዝ፣ ለአይረንና ለካልሲየም የተሠሩ በሮችም ያሳልፉታል። ክሮሜት ደግሞ ሰልፌት በሚገባባቸው በሮች ሰተት ብሎ ይገባል። መርዙ በር ሰብሮ አልገባም፤ የሚያስፈልገንን ነገር መስሎ ነው የገባው። ሴሉም በሩን ለዘለዓለም ዘግቶ መኖር አይችልም፤ ዚንክ ሳያገኝ ይሞታላ! የሚችለው ካድሚየም ሲበዛ ዚአርቲ1ን ከሜምብሬኑ ላይ አንስቶ ማፍረስ ነው፤ ይህንንም ያደርጋል።

ከገባ በኋላ ጉዳቱ ምንድነው? ካድሚየም ድኝን በጣም ይወዳል። ሲስቲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ድኝ ስላለው ካድሚየሙ ሄዶ እዚያ ላይ ይጣበቃል፤ የዚንክን ቦታ ይዞ የፕሮቲኑን ቅርጽ ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ፣ በዚሁ በእርሾ ላይ የተሠራ ጥናት ያሳየው ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል። ዲኤንኤ ሲገለበጥ ስህተት ይፈጠራል፤ ስህተቱን እየተከተለ የሚያርም ሥርዓት አለ። ካድሚየም ይህን የእርማት ሥርዓት ያውከዋል። ማለትም ስህተቱን ራሱ ባይሠራው እንኳ አራሚውን ሥራ ያስፈታዋል ማለት ነው። ካድሚየም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት ዝርዝር ውስጥ መመደቡን ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሴሉ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። ዋናው መሣሪያው ግሉታታዮን ነው፤ ከሦስት አሚኖ አሲዶች የተሠራ ትንሽ ሞለኪዩል ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ድኝ ያለው ሲስቲን ነው። ሁለት ግሉታታዮን አንድ ካድሚየም ከግራና ከቀኝ ይይዛሉ። ከዚያ በቫኪዩል ሜምብሬን ላይ የተተከለ ዋይሲኤፍ1 የሚባል ፓምፕ ኤቲፒ እያቃጠለ የተያዘውን ካድሚየም ወደ ቫኪዩል ያስገባዋል። ይህ መንገድ በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ያፕ1 የሚባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ደግሞ የፓምፑንም የግሉታታዮን መሥሪያውንም ጂን ያነቃቃል። እንግዲህ ለመምህራችን ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው፤ ካድሚየሙ ቫኪዩል ውስጥ ነው ያለው። አልጠፋም፤ ታስሯል።

እስሩ ደግሞ በነጻ አይደለም። እኔን በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። ግሉታታዮን ለመሥራት ድኝ ይፈጃል። ካድሚየም ሲበዛ ሴሉ ያስገባውን ድኝ አብዛኛውን ወደ ግሉታታዮን ያዞረዋል፤ ታዲያ ለሌላው ፕሮቲን የሚሆን ከየት ይምጣ? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት እንዳሳየው እርሾው ስኳር ለማብላላት በብዛት የሚጠቀምባቸውን አንዳንድ ኢንዛይሞች ይተዋቸውና ያንኑ ሥራ የሚሠሩ፣ ነገር ግን ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያነሱባቸውን ተለዋጮች ማምረት ይጀምራል። ልክ ጤፍ ሲወደድ በቆሎ ቀላቅሎ እንደሚጋግር ቤተሰብ ማለት ነው። እንጀራው እንጀራ ነው፤ ቤቱ ግን ችግር እንደገባ ያውቃል። እኛ ፕሌቱ ላይ ኮሎኒ አይተን «ተቋቁሞታል» ብለን ስናልፍ የማናየው ይህንን ነው። ያደገው እርሾ ያልተቸገረ እርሾ አይደለም።

የመዳብ ታሪክ ደግሞ ለየት ይላል። መዳብን እርሾ ይፈልገዋል፤ ለመተንፈሻ ኢንዛይሞቹ ያስፈልገዋል። ሲበዛ ግን መርዝ ነው። ስለዚህ ኤስ1 የሚባለው ፕሮቲን መዳቡ ሲጨምር ራሱ ከመዳቡ ጋር ይያያዝና ከፕ1 የተባለውን ጂን ያበራል። ከዚህ ጂን የሚወጣው ሜታሎታዮኒን የተባለው ትንሽ ፕሮቲን በሲስቲን የተሞላ ስለሆነ መዳቡን ጠፍሮ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት መዳብን በደንብ የሚቋቋሙት የእርሾ ዘሮች ይህ ጂን አንድ ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን ተደርድሮ ብዙ ቅጂ ያላቸው ናቸው። በወይን እርሾዎች ዘንድ ብዙ ቅጂ መገኘቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ፈረንሳዊው ሚላርዴ እ.ኤ.አ. በ1885 የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ ለወይን ተክል በሽታ እንደሚያገለግል ካሳወቀ ወዲህ የአውሮፓ የወይን እርሻ በመዳብ ሲረጭ ኖሯል። ገበሬው ሻጋታ ሊገድል የረጨው መዳብ ወይኑ ላይ ቀርቶ ከዚያ ጋር መኖር የሚችለውን እርሾ መረጠ። መዳቡ ከወይኑ ወደ አፈሩ፣ ከአፈሩም ወደ ሌላ ይሄዳል እንጂ እዚያም አልጠፋም።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ያን ጊዜ በላብ ውስጥ መዳብ የበዛባቸው ሁለት ፕሌቶች ላይ ኮሎኒዎቹ ቡናማ ሆነው ወጡ። እኛ «ኮንታሚኔሽን ነው» ብለን ሁለቱንም ጣልናቸው፤ ሪፖርቱም ውስጥ አልገቡም። ከዓመት በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። መዳብ ባለበት ያደገ ሳካሮማይሲስ ቡናማ የሚሆነው መዳቡ ከድኝ ጋር ተዋሕዶ መዳብ ሰልፋይድ ሆኖ ሴሉ ላይ ስለሚቀመጥ ነው። ብረቱ የት ሄደ? ፕሌቱ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር፤ በዓይናችን እያየነው ጣልነው። ሰውየው አራት ነጥብ የቀነሱብን በከንቱ አልነበረም።

ሦስተኛው መንገድ መትፋት ነው። አርሴኒክ፣ ምንም እንኳ በትክክል ብረት ባይባልም፣ ወደ እርሾ ሲገባ ኤሲአር3 የሚባል ፕሮቲን መልሶ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ለካድሚየምም ፒሲኤ1 የሚባል አስወጪ ፓምፕ አለ። ግን ስሙልኝ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 እንደታወቀው አብዛኞቹ የላቦራቶሪ የእርሾ ዘሮች በዚህ ጂን ላይ አንድ ፊደል ተበላሽቶባቸው ፓምፑ አይሠራላቸውም። ማለትም በተለመደው የላቦራቶሪ ዘር ብቻ የሠራ ሰው «እርሾ ካድሚየምን አያስወጣም» ሊል ይችላል፤ በሌላ ዘር የሠራው ደግሞ «ያስወጣል» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ለዚህ ነው በእኛ ሪፖርት ላይ «እርሾ» ብሎ ብቻ መጻፍ በቂ አይደለም የምለው። የሱቅ ፓኬት ነው? ከጠላ የተለየ ነው? ከሌላ ላብ የመጣ ዘር ነው? ካልተጻፈ ውጤቱን ማንም ሊደግመው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ ክርክሬ ልግባ። በየዓመቱ ከዲፓርትመንታችን ከሚቀርቡት ፕሮፖዛሎች መካከል «እርሾን በመጠቀም ከቆሻሻ ውሃ ከባድ ብረታ ብረቶችን ማስወገድ» የሚል ርዕስ አይጠፋም። ሐሳቡን አልቃወምም፤ እንዲያውም ጥሩ ሐሳብ ነው። የእርሾ የሴል ግድግዳ ብረት የሚይዙ ብዙ ቦታዎች አሉት፤ የሞተ እርሾ እንኳ ይይዛል፤ ከጠማቂ ፋብሪካ የሚተርፈው እርሾም ርካሽ ነው። የምቃወመው «ማስወገድ» የምትለዋን ቃል ነው። በትክክለኛው አማርኛ እርሾው የሚሠራው ሥራ «መሰብሰብ» ይባላል። በብዙ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበትኖ የነበረውን ብረት በጥቂት ግራም ዝቃጭ ላይ ይሰበስበዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የተበተነን መርዝ ማንም ሊይዘው አይችልም፣ የተሰበሰበን ግን መያዝ ይቻላል። ነገር ግን ሥራው ያለቀው ዝቃጩ የት እንደሚቀመጥ ሲታወቅ ነው። ዝቃጩን ሜዳ ላይ ከደፋነው ሴሉ ይፈርሳል፣ አሲድ ካገኘው ብረቱ ይለቀቃል፣ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሞጆን ያየ ሰው የቆዳ ፋብሪካ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ቆዳ የሚለፋው በአብዛኛው በክሮሚየም ጨው ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ በአቃቂ ወንዝ ውሃ ጎመንና ቆስጣ፣ ሰላጣም ለረዥም ዘመን ሲለማ ኖሯል፤ በእነዚህ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ክሮሚየምና ካድሚየምን ጨምሮ ከባድ ብረታ ብረቶችን የለኩ የአገራችን ተመራማሪዎችም አሉ። ክሮሚየም ላይ ተሕዋስያን የሚሠሩት መልካም ሥራ አለ፤ ብርቱ መርዝ የሆነውን ባለ 6 ቻርጅ ክሮሚየም ወደ ባለ 3 የሚለውጡ አሉ፣ ይህም በጣም ያነሰ ጉዳት አለው። ግን ልብ በሉ፣ ከዚህ በኋላም ክሮሚየሙ ክሮሚየም ነው፤ አለ።

ወንዝ ውስጥ የተለቀቀ ብረት ወዴት እንደሚሄድ ጃፓኖች በብዙ ሥቃይ ተምረውታል። በቶያማ ግዛት የጂንዙ ወንዝ ከላይ ካለው የማዕድን ማውጫ ካድሚየም ይዞ ወርዶ የሩዝ ማሳ አጠጣ፤ ሩዙን የበሉት፣ በተለይም ብዙ የወለዱ እናቶች፣ አጥንታቸው እየሳሳ በትንሽ እንቅስቃሴ የሚሰበር ሆነ። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ፤ «አመመኝ አመመኝ» እንደማለት ነው። መንግሥት ምክንያቱ ካድሚየም መሆኑን በይፋ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ከማዕድኑ ጉድጓድ እስከ እናቲቱ አጥንት ድረስ አንድም የካድሚየም አቶም አልጠፋም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ፤ ለመጻፍም የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። በመመረቂያ ሥራዬ ወቅት ከካድሚየም ክሎራይድ ጋር ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ማታ ሥራዬን ጨርሼ ፍላስኮቹን ማጠቢያው ጋ ደርድሬ ልወጣ ስል ዕቃ የሚያጥቡልን እናት መጡ። እትዬ ነው የምንላቸው ሁላችንም። አንዱን ፍላስክ አንስተው ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩትና «ልጄ፣ ይሄ ምንድነው?» አሉኝ። እኔም ቸኩዬ ስለነበር «እርሾ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። እሳቸውም ሳቅ ብለው «እርሾማ እኔም ቤት አለ» አሉና በባዶ እጃቸው ማጠብ ጀመሩ።

በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ። መልሼ «ይተዉት፣ እኔ አጥበዋለሁ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አፈርኩ መሰለኝ፤ ወይም ባስ ታመልጠኛለች ብዬ ይሆናል። ብቻ ወጣሁ። የዋሸሁት ግማሹን ነው፤ እርሾ መሆኑ እውነት ነው። ግን ወር ሙሉ ስጽፍ የነበረው ካድሚየሙ ወደዚያ እርሾ ውስጥ እንደገባ ነበር! በወረቀት ላይ «ቫኪዩል ውስጥ ተከማችቷል» ብዬ የጻፍኩትን ካድሚየም ፍላስኩ ውስጥ ሳየው እንደሌለ ቆጠርኩት። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። «ታዲያ ትናንት አትነግረኝም ነበር?» አሉኝ፤ ሌላ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ያጠብኩት ፍላስክ ሁሉ እሳቸውን ያስታውሰኛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሳነሳ የሚመልሱልኝን አውቃለሁ። «መጠኑ ትንሽ ነው፣ ሚሊግራም ነው፣ ከፋብሪካ ጋር ምን ያወዳድረዋል?» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ አይወዳደርም። ነገር ግን የማይበሰብስ ነገር የሚደመር ነገር ነው፤ ዓመት በዓመት፣ ባች በባች ከአንዱ ቧንቧ የሚወርደው ወደ አንድ ቦታ ነው የሚሄደው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ደግሞስ ነገ ተመርቀን ፋብሪካ ውስጥ ስንቀጠር ስለ ፋብሪካው ፍሳሽ የምንናገርበት አፍ ከየት እናመጣለን? ሚሊግራሙን መቁጠር ያልለመደ ሰው ቶኑን አይቆጥርም።

ሌሎች ደግሞ «መለኪያው የለንም፤ አቶሚክ አብዞርፕሽን በሌለበት ብረቱ የት እንደሄደ በምን እናውቃለን?» ይላሉ። ይህ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው፤ አልንቀውም። ግን ሁሉም ነገር ውድ መሣሪያ አይፈልግም። መዳብ ከአሞኒያ ጋር ጥቁር ሰማያዊ ቀለም እንደሚሰጥ ሁላችንም እናውቃለን። የታጠበ እርሾን በመዳብ ሰልፌት ውሃ ውስጥ አቆይቶ፣ በሴንትሪፊዩጅ አዝቅጦ፣ ከላይ የቀረውን ውሃ በአሞኒያ አቅልሞ በተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ማንበብ ይቻላል። ከገባው የቀረውን ስንቀንስ ዝቃጩ የያዘውን እናገኛለን። ፍጹም ላይሆን ይችላል፤ «ጠፋ» ከማለት ግን በእጅጉ ይሻላል።

ስለዚህ ለዲፓርትመንታችን የማቀርበው ሐሳብ አራት ነው። አንደኛ፣ ብረት የተነካበት ማንኛውም የላብ ሪፖርትና የመመረቂያ ጽሑፍ አንድ የብረት ሒሳብ ሠንጠረዥ ይኑረው፤ ስንት ገባ፣ ስንት ውሃው ውስጥ ቀረ፣ ስንት ሴሉ ላይ ተገኘ፣ በመጨረሻስ የት ተቀመጠ። ሊለካ ያልቻለ ካለ «አልተለካም» ተብሎ ይጻፍ፤ ነውር የለውም። ሁለተኛ፣ ከሕያው እርሾ ጎን የተቀቀለ እርሾ ሁልጊዜ ይሠራ። የሞተው እኩል ከያዘ ያየነው የግድግዳውን መጣበቅ እንጂ የሴሉን ምላሽ አይደለም፤ ይህን ሳንለይ ስለ ግሉታታዮን መተንተን ባዶ ወሬ ነው። የእርሾው ዘር ከየት እንደመጣም አብሮ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ለመማሪያ ብቻ ከሆነ ካድሚየምን እንተወው። መዳብ ለማስተማር ይበቃል፤ ሜታሎታዮኒንንም፣ የጂን ቅጂ መብዛትንም፣ ያንን ቡናማ ኮሎኒም ያሳያል። መዳብም ቢሆን ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ ለሰው ያለው አደጋ ግን ከካድሚየም ጋር አይተካከልም። ካድሚየም ጥያቄው በእርግጥ ካድሚየምን ለሚፈልግ ሥራ ብቻ፣ በአማካሪ ፊርማ ይሰጥ። አራተኛ፣ በየላቡ ክዳን ያለው የብረት ዝቃጭ ጠርሙስ ይቀመጥ፤ ጽሑፉም በአማርኛ በትልቁ «መርዝ፤ አይታጠብ፤ አይደፋ» ይበል። የመጀመሪያውን እጥበት ተማሪው ራሱ በጓንት ያጥብና ያንን ውሃ ወደ ጠርሙሱ ይገልብጥ። ዕቃ የሚያጥቡልን ሰዎች ጓንት ይሰጣቸው፤ ከጓንቱ በፊት ደግሞ እውነቱ ይነገራቸው። ለዚህ በጀት መጠበቅ አያስፈልግም፤ አሮጌ የሬጀንት ጠርሙስ አለን፣ ማርከር አለን።

«ጠርሙሱ ሲሞላስ የት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ካለ እሱ ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው። እኔ ብቻዬን የምመልሰው አይደለም። ውሃው ተኖ ጠጣሩ ታሽጎ፣ ተመዝግቦ፣ ኃላፊነት ባለበት ቦታ እንዲቀመጥ ከኬሚስትሪ ዲፓርትመንት ጋር ሆነን ኮሌጁን መጠየቅ ይኖርብናል። እስከዚያው ግን በጠርሙስ ውስጥ ያለ መርዝ የት እንዳለ የምናውቀው መርዝ ነው። አንዲት እርሾ ሴል እንኳ ድኟን አሟጣ፣ ኤቲፒዋን አቃጥላ ካድሚየሙን የምታስቀምጥበት አንድ የታወቀ ክፍል አላት።

በዚህ ሐሳብ የማይስማማ ወይም የተሻለ ዘዴ አለኝ የሚል ካለ በሚቀጥለው የመጽሔታችን እትም ይጻፍ፤ በደስታ አነባለሁ። በተረፈ በዚህ ሴሚስተር የእርሾውን ላብ የምትወስዱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ቡናማ ኮሎኒ ካያችሁ እባካችሁ አትጣሉት። ፍላስካችሁን ደግሞ ራሳችሁ እጠቡት።

ቸር ይግጠመን።